ዳገት ላይ የምትቆም መኪና

መኪና ሠርቻለሁ። አዎ፣ እኔ! ገዝቻለሁ አላልኩም፣ አሳድሻለሁም አላልኩም፤ ሠርቻለሁ ነው ያልኩት። እዚሁ ሀዋሳ፣ ከፒያሳ ጀርባ ባለች አንዲት ጋራዥ ውስጥ፣ ከአንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ጋር ሆነን፣ አንድ ዓመት ተኩል ፈጅተን። ዛሬም መንገድ ላይ ሰው ጣቱን ቀስሮ "ይቺ ደግሞ ከየት የመጣች ጉድ ናት?" ሲል ከሰማሁ፣ መስኮቱን አውርጄ ካልመለስኩለት እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ አንዴ ከሥሩ ልናገረውና ይለቅልኝ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወርክሾፕ ቴክኒሻን ነኝ። ከየአገሩ የመጡ ልጆችን ብየዳ አስተምራለሁ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ተማሪዎቹ "ቲቸር ከተቆጣች መበየጃ አያስፈልግም፣ በዓይኗ ታያይዘዋለች" እያሉ ያሙኛል። ሐሜቱ ደርሶኛል፤ ደስም ብሎኛል።

አባቴ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ከደጋው ወደ ሀዋሳ የወረደው እንደ አያቴ ሁሉ ቀኝ ጉልበቱ እምቢ ካለው በኋላ ነው፤ እነሆ ዘጠኝ ዓመት። የደጋው ሰው በሞተር ብስክሌት ነው የሚመላለሰው፣ አባቴም አንድ ቀን ተፈናጦ ቀይ ጭቃ ላይ ከነባለሞተሩ ተዘረረ። "ከእንግዲህ ሁለት ጎማ ያለው ነገር ላይ አልወጣም" ብሎ ማለ፣ መሐላውንም አላፈረሰም፤ በቅሎ ላይ ደግሞ ጉልበቱ አያስቀምጠውም።

አክስቴ ግን እዚያው ደጋ ቀርታለች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ገና በልጅነቱ ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቤቷ ከገበያው በላይ፣ ከእንሰቱ መሐል፣ ጉብታው ላይ ነው። የኪራይ መኪና እስከ ገበያው ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት ግን ሹፌር ሁሉ ቀና ብሎ ያይና መሪውን ያዞራል። አባቴን በቃሬዛ ተሸክመን እናውጣህ ያሉት ጎረቤቶች ነበሩ። "በቃሬዛ የሚሄድ በሽተኛና ሬሳ ነው፣ እኔ እህቴን ልጠይቅ ነው የምሄደው" ብሎ መለሳቸው። እሷም ወገቧ ተይዞ ከደጇ አትርቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ነበር የሚገናኙት።

አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ደወለች። ሐኪም የእናቷ የዓይን ብርሃን እየሄደ እንደሆነ፣ የሄደውም እንደማይመለስ፣ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው ብሎ ነግሯቸዋል። አክስቴ ስልኩን ከልጇ እጅ ቀማችና ለአባቴ በሲዳምኛ እንዲህ አለችው፦

"አንድ ጊዜ ልይህ። ከዚያ ወዲያ ድምፅህ ይበቃኛል።"

አባቴ ያን ቀን እራቱን አልበላም። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ብረት ትበይጃለሽ አይደል?"

"እበይዳለሁ።"

"እንግዲያው በይጂ!" አለኝ፣ እንጨት ፍለጡልኝ እንደሚል ሰው።

እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፤ እሺ አልኩ።

ባትላሜራው ጋሼ የተጨማደደ የመኪና ገላ ቀጥቅጠው እንደ አዲስ የሚያቃኑ ሰው ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌም ናቸው። ሲቀጠቅጡ ይዘምራሉ። መዝሙሩ ሞቅ ያለ ከሆነ ላሜራውን ያሳሱታል፣ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ሥራቸው ያምራል፤ እኔ ገና ከበር ስገባ በዜማው ብቻ የሥራውን ጥራት አውቀዋለሁ። ግቢያቸው ውስጥ ለዓመታት የወደቀች አሮጌ ሾርት ቤዝ ነበረች፤ ያቺ አጭሯ የገጠር መኪና። ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባት ነበር። ሊብሬዋ ግን ንጹሕ ነው። የአባቴን ነገር ስነግራቸው መዶሻቸውን አስቀመጡ።

"ውሰጃት" አሉ። "ግን እኔም አብሬ ካልሠራሁ አልሰጥሽም።"

ጌታ ይስጣቸው፣ ያን ዕለት ዶሮዎቹን አባረን ሥራ ጀመርን።

የመጀመሪያዋን በአራት ወር አወጣናት። ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ጎበዝ ሞተር ገጠምንላት፣ ትልልቅ ጎማ አጠለቅንላት። የፊቱ ዲፍሬንሻል ተሰብሮ ስለነበር የሚጎትተው የኋላው ጎማ ብቻ ነው። ጋሼ "የፊቱንም እንሥራው እንጂ" ቢሉኝ "ሞተሩ ከበረታ ምን ቸገረን!" አልኳቸው። አመድማ ቀለም ቀባናት፤ አፈ ሰፊ፣ ሆደ ሰፊ ስለሆነች ጋሼ ራቅ ብለው አዩአትና "ይቺማ ከሐይቁ የወጣች ጉማሬ ናት" አሉ። ስሟ በዚያው ቀረ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ እዚሁ ከተማው ዳር ታቦር ተራራ ላይ ሞከርናት። ከታች ተንደርድሬ መጣሁና ነዳጁን ረገጥኩ። አቤት አወጣጥ! በአንድ ትንፋሽ ላይ! ጋሼ ከኋላ ሆነው "ሃሌሉያ!" ሲሉ የእኔ ጩኸት በለጣቸው። ተማሪዎቼን ሁሉ ሰኞ ጠዋት ሰብስቤ ጉራዬን ነዛሁባቸው። አክስቴ ጋ ደውለን "ቅዳሜ መጣንልሽ!" አልናት።

ቅዳሜ ሦስታችን ወጣን። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከጎኔ፣ ጋሼ ከኋላ። ገበያውን አለፍን። ሹፌሮች ሁሉ የሚሸሹት ዳገት ፊት ለፊታችን ተገተረ። ተንደረደርኩ። ጉማሬ እያጓራች ወጣች፣ ጭቃው ግራና ቀኝ ይረጫል፣ እኔ እስቃለሁ፣ ግማሹን ጨረስን፤ በዚህ መሐል አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ከላይ ቀስ እያሉ ሲወርዱ አየን።

አባቴ በከዘራው ጉልበቴን መታኝ። "አቁሚ!"

"አባዬ፣ ዳገት ላይ ነን!"

"አቁሚ አልኩሽ! ታላቄ ናቸው!"

አቆምኩ፤ ምን ላድርግ። መኪናዋ ከፍ ያለች ስለሆነች ጋሼ ደግፈው እስኪያወርዱት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። በእኛ ደጋ ደንቡ ይሄ ነው፤ በቅሎ ላይ ያለ ሰው ታላቁን መንገድ ላይ ካገኘ ወርዶ፣ ቆሞ ነው ሰላም የሚለው። ሰላምታውም እንደ ፒያሳ "እንዴት ነህ፣ ቻው" አይደለም። ልጁ ይጠየቃል፣ የልጅ ልጁ ይጠየቃል፣ ከብቱ፣ እንሰቱ፣ ዝናቡ ሁሉ በየተራው ይጠየቃል። እኔ ፍሬን ረግጬ እግሬ እየተንቀጠቀጠ የአዛውንቱን ላሞች ጤንነት በሙሉ አዳመጥኩ።

አባቴ ሲጨርስ ተሳፈረ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። ምንም! የኋላ ጎማው ጭቃውን እየቆፈረ ባለበት ይሽከረከራል። ፍሪሲዮኑ ሲቃጠል ሸተተኝ። ከዚያ ጉማሬ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች፤ ጌታ ሆይ! የሰው የእንሰት አጥር ውስጥ ገብታ ነው የቆመችው። የአካባቢው ሰው በገመድ ጎትቶ አወጣን፤ እኛም ወደ መጣንበት ተመለስን።

እስከ ሀዋሳ ድረስ አባቴን አኮረፍኩት። እሱ ግን ዝም አላለም።

"ወርጄ ሰላም ሳልላቸው ባልፍ" አለ፣ "ወሬው እህቴ ቤት ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። መኪና ላይ ሲወጣ ታላቅ የማያይ ወንድም አሳደግኩ ብላ ታፍርብኛለች።" ደግሞም ጨመረበት። "ቆይ ግን፣ ቆማ መነሳት የማትችል ይቺ ምን ዓይነት መኪና ናት? በቅሎ እንኳ ቆማ ትነሳለች!"

ሦስት ቀን ሙሉ ተብከነከንኩ። በአራተኛው ቀን ወርክሾፕ ውስጥ ቆሜ ራሴን በመዳፌ መታሁት። የእኔ ጥፋት ነው! አባቴን አላውቀውም እንዴ? ባለፈው ዓመት አንድ የባጃጅ ሹፌር ቤቴ ድረስ መጥቶ "እህቴ፣ አባትሽ ከፒያሳ ሐይቅ ዳር እስክንደርስ ሰባት ጊዜ አስቆሙኝ፣ ሰባቴም ወርደው ተሳሳሙ፤ ሁለተኛ አልጭናቸውም" ብሎ ከሶኝ ስቄ የሸኘሁ እኔ አይደለሁም? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ሞተሩን አሰላሁ፣ ጎማውን አሰላሁ፣ የዳገቱን ርዝመት አስልቻለሁ፤ ሰላምታውን ግን አላሰላሁትም። ተንደርድራ የምትወጣ መኪና ሠራሁ፤ አባቴ የሚያስፈልገው ግን ዳገት መሐል ቆማ፣ የሰው ላም ሁሉ ደህንነቱ እስኪጠየቅ ጠብቃ፣ ከቆመችበት የምትነሳ መኪና ነው።

ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁብኝ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ" አሉኝ። "እኔ የፊቱን እንሥራ ስልሽ ሰምተሽ ቢሆን!"

"እሺ ጋሼ፣ ይበቃኛል፣ ገባኝ!"

ሁለተኛዋ ጉማሬ ፍጥነት የላትም። የፊት ዲፍሬንሻሏን አስነስተን አራቱም ጎማ እንዲጎትት አደረግን። ከካምቢዮዋ ኋላ ሌላ ትንሽ ካምቢዮ ገጠምን፣ ፍጥነቱን ወስዳ ጉልበት የምትሰጥ። በዚያች ማርሽ ስትሄድ ሕፃን ይቀድማታል፤ ግን ግድግዳ ቢሆን ትወጣለች። ፍሬኗን ከሥር ቀየርን፤ በዚያም ላይ ጋሼ ከባሕር ዛፍ ግንድ ከጎማ ሥር የሚወሸቅ ትልቅ ታኮ ጠረቡላት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ለራሴ እዘምር ነበር።

ሙከራው ደግሞ! ወይ ጉድ! ማለዳ ታቦር ወጣን። ጋሼ ጋቢ ተከናንበው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ከዳገቱ መሐል ሽማግሌ ሆነው ይቆማሉ። በእርግጥ ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ተወኑት! እኔ ስደርስ አቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። እሳቸውም ለሙከራው ሲሉ አያሳጥሩትም።

"ላሞቹ እንዴት ናቸው?"

"ደህና ናቸው አባቴ።"

"ቀይዋስ?"

"እሷም ደህና ናት! ጋሼ፣ ልሂድ?"

"ጥጃዋ አልተጠየቀችም፤ ቁሚ!"

ስፖርት ለመሥራት የወጡ ወጣቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ ቀረብ ብሎ "ድራማ ነው የምትቀርፁት?" ብሎ ጠየቀን። ሽቅብ ዘጠኝ ጊዜ ቆምን፣ ዘጠኝ ጊዜ ተነሳን። ጉማሬ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ አላለችም! በዘጠነኛው እኔና ጋሼ ተቃቅፈን ዘለልን፣ ወጣቶቹም አብረውን ዘለሉ፣ ለምን እንደሚዘሉ ሳያውቁ።

በማግሥቱ አባቴን ይዘነው ታቦር ወጣን። አቆምኩለት፤ በጉዞው ቀን ጋሼ ታኮ ስለሚወሽቁ ብቻውን መውረድ ጀመረ። አንድ እግሩን አወጣ፣ ጉልበቱ አልታጠፍም አለ። ወደ ውስጥ መለሰው። በሌላኛው ሞከረ። ላብ አሰመጠው። ጋሼ ምርኩዛቸውን ይዘው ዳገቱ ላይ ቆመው እየጠበቁ ነው።

"እኔ እስክወርድ" አለ አባቴ፣ "ሽማግሌው ቤታቸው ይገባሉ።"

በዚያው ሰሞን ዝናቡ ጀመረ፣ ክረምት ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ። አክስቴም ደወለች። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ፊት ለፊቷ ያለውን እንሰት ስታይ አረንጓዴ ጥላ ብቻ እንደሆነባት ነገረችን። ሰው ሲመጣ ሰው መሆኑን ታውቃለች፣ ማን መሆኑን ግን ካልተናገረ አታውቅም። አባቴ ስልኩን ዘግቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ፈራሁ፤ ብረቱን ሁሉ ቆርጬ ቀጥዬ ሳልደርስ የምቀር መሰለኝ።

መፍትሔው የተገኘው ፒያሳ ፀጉር ቤት በራፍ ላይ ነው። አሮጌ የፀጉር ቤት ወንበር፣ ያ የሚዞረው፣ ተሰብሮ ውጭ ተጥሏል። እንደ እብድ ቆምኩ። በእግሬ ገፋ አደረግኩት፤ ዞረ! "ይሄን ወንበር ስጡኝ!" ብዬ ስጮህ ከውስጥ አረፋ የተቀባ ሰው ብቅ ብሎ አየኝ። በባጃጅ ጭኜ ወደ ጋራዡ በረርኩ።

ሦስተኛዋ ጉማሬ እንግዲህ ይቺ ናት፣ ዛሬ የምታዩዋት። በአባቴ በኩል ወለሏን ቆርጠን ዝቅ አደረግነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወደ በሩ ይዞራል፤ በሩ ሲከፈት አብሮ ደረጃ ይወርዳል፤ እጁን የሚያሳርፍበት ቧንቧ አለ። ጋሼ ያንን ደረጃ ሲሠሩ የዘመሩት መዝሙር በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ቀርፋፋው ነበር። አባቴ ነሐሴን ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ወጥቶ ሲወርድ፣ ወርዶ ሲወጣ ዋለ። አንድ ቀን ብቻውን ወርዶ፣ ብቻውን ቆሞ፣ "ሰላም ናችሁ ወይ!" ብሎ ለባዶው ግቢ ሲጮህ እንባዬ መጣ።

ጥቅምት ሲገባ ጭቃው ጠጠር አለ። ወጣን።

ያንን ቀን እንዴት ልንገራችሁ! ከገበያው በላይ አሥራ አንድ ሽማግሌ አገኘን፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ አባቴ "አቁሚ" አለ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጋሼ ታኮአቸውን ይዘው ዘለው ወረዱ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ወንበሩ ዞረ። አባቴ እንደ ንጉሥ ይወርዳል። አዛውንቶቹ ወንበሩን አይተው እጃቸውን በአፋቸው ይጭናሉ። እኔም አልቸኩልም፤ ሞተሩን አጥፍቼ ላሞቹ ሁሉ ደህና መሆናቸውን እሰማለሁ፤ ከዚያ ትንሿን ማርሽ አስገባለሁ፣ ጉማሬም ንፍ ንፍ እያለች ትነሳለች። "እሰይ ጉማሬዬ! እሰይ የኔ እመቤት!" እላለሁ፣ መሪዋን እየመታሁ። ያ ባለፈው የተንሸራተትንበት ቦታ ላይ ስንደርስ አጥራቸውን የገጨንባቸው ሰዎች ወጥተው አጨበጨቡልን።

የመጨረሻዋ ዳገት ከአክስቴ ደጅ በታች ያለችው ናት። አጭር ናት፣ ግን ቀጥ ያለች። የአክስቴ ልጅ በገመድ ለክታ ልካልኝ ነበር፤ ግድግዳዬ ላይ ሥዬ አንድ ዓመት ተኩል እያየኋት ተኝቻለሁ። ትንሿ ካምቢዮ የተገጠመችው፣ የፊት ዲፍሬንሻሉ የተነሳው ለዚህችው ነው። አባቴን ደጁ ድረስ፣ የበሩ መቃን ድረስ አደርሰዋለሁ ብያለሁ! መሪውን ጨበጥኩ። ማርሹን አስገባሁ።

"አቁሚ" አለ አባቴ።

መንገዱን አየሁ። ባዶ ነው። "ማንም የለም አባዬ።"

"አለች እንጂ" አለና በከዘራው ወደ ላይ አሳየኝ።

አክስቴ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። ድምፅ ወደምትሰማበት ዞራለች፣ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋለች።

"ለመንገደኛው ሁሉ ወርጄ" አለ አባቴ፣ "ላሳደገችኝ ታላቄ በወንበር ተቀምጬ ልድረስ?"

ወንበሩን አዞረ። ወረደ።

ተናደድኩ! እውነቴን ነው፣ ደሜ ነው የፈላው። አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ የለፋሁበት ዳገት ሰላሳ እርምጃ ሲቀረው! ዘልዬ ወርጄ ልደግፈው ስል ጋሼ እጅጌዬን ያዙኝ። "ተይው ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ቆምኩ። አባቴ ከዘራውን እየተከለ፣ ያን የተጎዳ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ፣ ትንሽ እየሄደ ትንሽ እያረፈ ወጣ። ዳገቱ ላይ ከእሱ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

አክስቴ አንገቷን ቀና አደረገች። እጇን ከግንባሯ አወረደች። ከዚያ ያቺ ወገቧ የተያዘ ሴት ማንም ሳይደግፋት የበሩን መቃን ይዛ ብድግ አለች።

"የአባታችን አረማመድ ነው!" ብላ ጮኸች። "ወንድሜ ነው! ዝም በሉ፣ ማንም እንዳይነግረኝ፣ አየሁት!"

አንገት ለአንገት ተያያዙ። ላሞች አልተጠየቁም፣ እንሰት አልተጠየቀም። እኔ ታች ቆሜ ዘይት በነካው እጄ ፊቴን እየጠረግሁ አጠቆርኩት።

በኋላ ቤት ገብተን ተቀምጠን፣ አባቴን ሳልወቅስ ማለፍ አላስቻለኝም። "አክስቴ፣ መኪናዬ እዚህ ደጅሽ ድረስ ትወጣ ነበር፤ እሱ ነው የከለከለኝ" አልኳት። አክስቴ ፊቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር፣ አፍንጫው አፍንጫዋን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ደጄ ድረስ ብታመጪው ኖሮ" አለችኝ፣ "ድንገት ፊቴ የተገተረ አንድ ጥላ ይሆንብኝ ነበር። አሁን ግን ሲመጣ አየሁት።"

ጉማሬም እዚያው ዳገቱ ላይ፣ ታኮዋ ከጎማዋ ሥር ገብቶላት፣ እስክንወርድ ድረስ ንቅንቅ ሳትል ቆማ ዋለች።